ጭስ ያልገባበት ጃኬት

የእህቴ ባል ሁለት ሙያ አለው፦ ልብስ ስፌትና ሲጋራ ማቆም። የመጀመሪያውን አሳምሮ ይችላል። ሁለተኛውን ስንት ጊዜ እንደጀመረው እሱም አያውቅ። ሰፈሩ ባቡር ይለዋል። ጉልበቱን አይተው ያወጡለት ይመስለዋል፤ ኧረ ጭሱን ነው።

የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ መስኮቱ ሥር ይሰፋል፣ እኔ ከወዲህ እተኩሳለሁ። እህቴ ካረፈች ወዲህ ጉዱን የምችለው እኔ ነኝ። ሲያቆም ማስታወቂያ ይወዳል። መተርኮሻውን በደንበኛ ፊት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ ደንበኛው ይመርቀዋል፣ ምርቃቱ ሳይደርቅ ባቡር ቅርጫቱን ይበረብራል። አንዴ ማስቲካ ያስተወኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያመነዥክ ዋለና ማስቲካውን ሳይተፋ ለኮሰ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ የሲጋራ አምሮት የሚያበርድ የኒኮቲን ፕላስተር ሰጠችው። ልብስ ሰፊ አይደል፣ ያልተቆረጠ ነገር ዓይኑ አይወድም። በመቀስ አራት ቦታ ከፈለና ጠርዙን አስተካክሎ ከክንዱ እስከ ትከሻው እንደ እራፊ ደረደረው። አልሠራ ሲለው የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብሎ ፕላስተሩን ሰደበ። ነርሷ ስትሰማ እንደ ጨርቅ ቆራርጠው ያለህ ማነው ብላ ተቆጣችው።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ የእህቴ ልጅ እስክትወልድ። አያት ሆዬ ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ የሕፃኑን ልክ ወስዶ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ኮፍያ ሰፋ። እሷ ደጋግማ ታጥበዋለች፣ የሲጋራው ሽታ ንቅንቅ አይልም። ቆይቶ የሕፃኑ ደረት ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙም ጭሱንም ጠረኑንም ከልጁ አርቂ አላት። አንድ ቀን ልጁን ታቅፋ ደጃችን መጣች። የልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ የሱቅ ልብስ ለብሷል። ባቡር አየው። እጁን ብቻ ዘረጋ።

"እስክታቆም አልሰጥህም፣ አባዬ" አለችው።

በሳምንቱ አቆምኩ ብሎ ትንሽ ጃኬት ሰፋና እንድተኩሰው አቀበለኝ። ካውያው ሲያርፍበት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የቀዘቀዘ ጨርቅ ይደብቃል፣ ሲሞቅ ግን ያወጣዋል። ሽንት ቤት ውስጥ ነው የምታጨሰው ወይስ ከጀርባው አልኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ የደንበኛ ሽታ ነው አለኝ።

"እንግዲያው ወስደህ ለደንበኛው ልጅ አልብሰው" ብዬ መለስኩለት።

ያን ቀን ለማንም ሳይናገር ነርሷ ዘንድ ሄደ። አሁን ፕላስተሩን ሙሉውን፣ አንድ ቦታ ለጠፈ። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ከታገሡት ያልፋል፣ እጅህን ሥራ አስይዘው ብላዋለች። እናም አምሮቱ በመጣ ቁጥር ከስፌት መኪናው ይነሳና የቁልፍ ቀዳዳ በእጁ ይሰፋል። ጠባዩ ግን አይጣል ነው። ክሩን ሰደበ፣ መስኮቱን ሰደበ፣ እኔንም ሰደበኝ፤ እኔም አልቀረሁበትም። ግድግዳውን ራሱ እንዲያጥብ አደረግኩት፣ የወረደው ውሃ ቡኒ ነበር። መሀል ላይ አንድ ቀን ተሸንፎ አጨሰ። ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ ነገ እንደገና እጀምራለሁም አለ። ጀመረም። ማስታወቂያው ሲጠፋ ነው እኔ ማመን የጀመርኩት።

አዲስ ጃኬት ሰፋ። ካውያዬን ደጋግሜ አሳረፍኩበት፤ የጨርቅ ሽታ ብቻ ነው። ይዘን ሄድን። የእህቴ ልጅ አፍንጫዋን ኮሌታው ውስጥ ከትታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለልጁ አለበሰችው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ፣ ደረቱም አልገጠመ።

ባቡር በዚያች ሆስፒታል በወሰዳት ልክ ነበር የቆረጠው። እንዲህ ዓይነት ልብስ ሰፊ አይቼም አላውቅ ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጁን ሳይይዝ አዲስ ልክ ከየት ያመጣል? እሱ አንገቱን ደፍቶ ጃኬቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

እሷ ጃኬቱን አልሰጠችውም። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ሜትሩ አንገትህ ላይ ነው፣ አባዬ። በል ለካው።"

ደረቱን ለካና ቁጥሩን ረሳው። እንደገና ለካ፣ አሁንም ረሳው። ሌላ ቀን ቢሆን መሳቂያ አደርገው ነበር። ዛሬ ግን ይለካ።