አያቴ ሱልጣኑን ሊያድኑ የተነሱበት ቀን

እናቴ አባቴን የመረዘችው ሸዋ ሮቢት አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። መርዙን በትሪ ይዤ ያቀረብኩለት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ቴአትሩን የጻፈው የከተማችን የታሪክ መምህር ነው። በጥንቱ የይፋት ቤተ መንግሥት አንድ ሱልጣን የአማካሪውን ሹክሹክታ ሰምቶ የሚስቱን ወንድም ያስገድላል። እሷም ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ፣ እየሳቀችለትና እያስተናገደችው ዓመታት ትቆያለች፤ በመጨረሻ በገዛ እጇ በበጠበጠችው ብርዝ ትበቀለዋለች። መምህሩ የሚጠይቁትን ሁሉ “ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፣ አገሩ ብቻ ነው እውነት” ይላቸው ነበር።

አባቴ የማሾ ነጋዴ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ጎርናና ስለሆነ መምህሩ ገበያ ላይ አየውና “ሱልጣኔን አገኘሁ” ብሎ እየጎተተ ወሰደው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የተጠራችው የሱልጣኑን ካባ እንድትሰፋ ብቻ ነበር። ሚስቱን ሆና የምትጫወተው ልጅ ግን አግብታ ከሚሴ ገባች፤ በምትኳም ሰው ጠፋ። ባሏን የምትመርዝ ሴት ሆኖ ከተማው ፊት መቆም ማንም አልፈለገም። እናቴ ልምምዱ ላይ ቁጭ ብላ ካባውን ስትሰፋ ቃሉን ሁሉ ይዛው ኖሮ፣ አንድ ቀን መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰክታ ተነሳች።

“እኔ ልሞክረው?” አለች።

አባቴ ሳቀ። ቃሉን ማለት ስትጀምር ግን ሳቁን ተወው። ከፊቱ የቆመችው ወንድሟን የገደሉባት ሴት ነበረች። ወደ ቤት ስንመለስ “ወላሂ ፈራኋት” አለኝ፣ እሷ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ያን ጊዜ ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ እስካገኝ ቤት ተቀምጬ ነበርና የሱልጣኑ ሚስት አገልጋይ ሆንኩ። የምናገረው ነገር የለኝም፤ ትሪ ይዞ መግባትና መውጣት ነው።

የአባቴ እናት የሚኖሩት አሊዩ አምባ ነው። ለልጃቸው የአገራቸውን ልጅ አስበውለት ሳለ እሱ የሮቢት ልብስ ሰፊ አግብቶ ቀረ። አያቴ በዚህ ነገር ለእናቴ ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ሲመጡ ማር ይዘው ይመጣሉ፣ ሲሄዱ መርቀው ይሄዳሉ። ግን እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ቁጥብ ነበሩ፤ የቀረበላቸውን ይበላሉ እንጂ አምጪ ብለው ጠይቀው አያውቁም። እናቴም “እናቴ፣ ምን ልስራልዎ?” ማለቷን አልተወችም።

ልጃቸው ሱልጣን ሆኗል ሲባሉ ያላቸውን ለብሰው መጡና ከፊት ተቀመጡ። ቴአትር አይተው አያውቁም። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሰው በካርቶን ቁራጭ ራሱን ያራግባል። እናቴ ጀርባዋን ለአባቴ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ፣ ከሻሿ ጫፍ የፈታችውን ዱቄት ዋንጫው ውስጥ ነሰነሰችና ፈገግ አለች። ዱቄቱ ስኳር ነው። ዋንጫውን ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት።

“እንዳትጠጣው!”

አያቴ ናቸው። ተነስተው ቆመዋል፤ ከዘራቸው ወደ መድረኩ ተቀስሯል።

“እንዳትጠጣው ልጄ! የሆነ ነገር ጨምራበታለች! በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ!” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺም! የልጄ ልጅ ሆነሽ አንቺ ታቀብያለሽ?”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ግራ ገብቶት በዚያው በሱልጣን ድምፁ “እማ፣ ስኳር ነው እኮ!” አለ። ይኼ ነገሩን አባሰው። አያቴ መድረኩ ላይ ሊወጡ ሲሉ እናቴ ዋንጫውን ከአባቴ እጅ ወሰደች፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ቢስሚላህ አለችና ግማሹን ጠጣች።

“እናቴ፣ ይቀመጡ። ምንም አይሆንም።”

አያቴ አዩዋት፣ ተቀመጡ። ሱልጣኑ የቀረውን ጠጥቶ ሞተ። ከአንድ ዋንጫ የጠጣችው ሚስቱ ግን ቆማ ቀረች፤ መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ጭንቅላቱን ይዟል።

ቤት ስንገባ አያቴ እራታቸውን አልነካም አሉ። አባቴ ሊቆጣ ሲል እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችውና ከፊታቸው ካለው አንድ ጊዜ ጎረሰች። “ይኸው” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይም ይሁን ገንፎ መጀመሪያ እሷ ትቀምሳለች። እኔን ነደደኝ። “እንዴት ነው የምትችይው?” አልኳት ማጀት ውስጥ።

“እናት ናቸው፤ ፈሩለት” አለችኝ። “እኔስ ለአንቺ ብፈራ ሰው ይታየኛል?”

አንድ ረፋድ ላይ ሻያቸውን ልትቀምስ ስታነሳ አያቴ እጇን ያዙ።

“ተይው” አሉ። “ጨዋታ መሆኑ የጠፋኝ መሰለሽ? እሱ ልጅ ሆኖ የኩራዝ ጋዝ ውሃ መስሎት ጠጥቶብኝ ከሞት ነው የተረፈልኝ። መድረኩ ላይም እንደዚያ ሳያይ ዋንጫውን ሲያነሳ ልቤ ከቦታው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማፈሬ ነው ያኮረፈኝ።”

እናቴ ስለ ጋዙ ሰምታ አታውቅም ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። “አሁንም አያይም እኮ” አለች። “ትኩስ ሻይ ስንቴ ምላሱን አቃጠለው!”

“አየሽ!” አሉ አያቴ፣ በደስታ። ሁለቱ አባቴን ሲያሙ ቀትር ደረሰ። ከዚያ አያቴ ድንገት “ለመሆኑ ሴትየዋን ባሏ ምን በደላት?” ብለው ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው።

“የእናቷን ልጅ?”

“የእናቷን ልጅ።”

አያቴ አሰቡበት። “እንግዲያ አንቺ መሳቅሽ ልክ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በሆዷ የያዘች ሴት ፊቷ ላይ ምንም አይታይም።”

እናቴ ምክሩን ተቀበለች። አጣዬ ሄደን ስናሳይ ፈገግታውን ተወችው። አያቴም አብረውን መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ዱቄቱ ሲነሰነስ አንዲት ሴት “ውይ፣ ጨካኝ!” አለች። አያቴ በሹክሹክታ የመለሱላት መስሏቸው ነበር፤ መድረክ ላይ ላለነው ሁሉ ተሰማን።

“የወንድሟን ደም ነው የምትመልሰው። ዝም ብለሽ እዪ፤ የኔ ልጅ ናት።”

ስኳሩ ከእናቴ እጅ አምልጦ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ሕዝቡ የበቀል ድንጋጤ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ቅርቧ ነበርኩ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አያቴ አሊዩ አምባ ከተመለሱ ወዲህ የሚደውሉት በእናቴ ስልክ ነው። እናቴ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አድርጋ እየሰፋች ታወራለች፣ ትስቃለች። አባቴ ከሱቁ ሲገባ ካገኛት “እማ ናት? ምን አለች?” ይላል።

“ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል” ትለዋለች፤ ወሬዋንም ትቀጥላለች።