ያልተቆጠረው የዋልፍሪድ ድምፅ

ካሪን ሂልቱነን የሂርቪ ቀበሌ ጸሐፊ የሆነችው ሥራውን የሚፈልግ ሰው ስለጠፋ ነው። የቀድሞዋ ጸሐፊ ልጆቿ ዘንድ ልትኖር ወደ ደቡብ ስትሄድ የአዳራሹን ቁልፍ ካሪን እጅ ላይ ጥላ ሄደች። ካሪን ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። እንደኛ ባለ የላይኛው ሚሺጋን ጫካ ውስጥ ጸሐፊ መሆን ማለት የመቃብር ቦታ መሸጥ፣ በረዶ ጠራጊው ለምን ዘገየ ተብሎ መሰደብ፣ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ሁሉንም ብቻን መሸከም ነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ በምርጫ ቀን ከሚያግዟት ሴቶችም አንዷ ነኝ።

የማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ እዚህ የቀረነው አብዛኞቻችን አርጅተናል። ስለዚህ ካሪን በየቤቱ እየዞረች በፖስታ ምረጡ ትል ነበር። ወረቀቱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ምልክት አድርጎ፣ ፖስታው ላይ ፈርሞ መመለስ ብቻ ነው። ከምርጫው ቀን አስቀድሞ በአካል መምረጥም ይቻላል፤ ግን ጣቢያው የሚከፈተው በወረዳው ከተማ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ በረዶ ይጀምራል።

«ያው ነው» ትላቸው ነበር። «ድምፅ ድምፅ ነው። ለምን ትንገላታላችሁ?»

አባቷ ዋልፍሪድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንድ ሲቆርጡ የኖሩ፣ ለማንም አንገታቸውን የማይደፉ ሰው ነበሩ። በሕይወታቸው ለድምፅ ከሚቀርበው ግብር ለአንዱም «እሺ» ብለው አያውቁም። የትምህርት ቤቱም፣ የመንገዱም፣ የቤተ መጻሕፍቱም ሲመጣ «አይ» ነው። በዚህ ነገር የልብ ወዳጃቸው ከማዶ ያለው ለስተር ትሬምባት ነበር፤ ሁለቱ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናው ውስጥ ተቀምጠው መንግሥትን ሲያሙ ያመሻሉ።

ያን ዓመት ለምርጫ የቀረበው የአምቡላንሱ ጉዳይ ነበር። ግብሩ ካልታደሰ ያለችን አንዲት አምቡላንስ ትቆማለች። በነሐሴ ዋልፍሪድ ትንፋሽ አጥሯቸው ሳውናው ደጃፍ ላይ ወደቁ፤ ያቺው አምቡላንስ መጥታ አነሳቻቸው። ከሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደር እየጎተቱ ተመለሱ። አንድ ቀን እራት ላይ፣

«ያቺን መኪና እሺ እላታለሁ» አሉ።

ካሪን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ትኩሳት አለህ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ። ሐሳቤን ሳልቀይር።»

በፖስታ የመጣላቸውን ወረቀት ግን አልነካም አሉ። ከተማው ያለው ጣቢያ እስኪከፈት ጠብቀው በአካል ሊሄዱ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ አይ ስል በእግሬ ሄጄ ነው፤ አሁን እሺ ስል ተደብቄ?» አሉ። «ቆጣሪው ማሽን ወረቀቱን ሲውጠው በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ።»

«ያንን ሲሊንደር ይዘህ? መንገዱ እኮ መስታወት ሆኗል። ያው ነው አባዬ፣ ልዩነት የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የምረከበው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ጥቂት አጉረመረሙና ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞሉት። ሊያሳዩዋት ሲዘረጉላት ፊቷን አዞረች፤ ጸሐፊ ናት። «ለለስተር እንዳትነግሪው» አሏት ፖስታውን እየላሱ፤ «ይስቅብኛል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከተማው ያለው ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ዋልፍሪድ አልጋቸው ላይ ሞቱ። አምቡላንሷ መጥታ ነበር፤ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ቄሱ ቀብሩ ሰኞ ይሁን ቢሉ ካሪን እምቢ አለች፤ የመጀመሪያ እምቢታዋ ሳይሆን አይቀርም። ማክሰኞ ምርጫ ነው፤ የሚተካት ሰው የለም። ረቡዕ ይሁን አለች።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሽ ስገባ ቀድማኝ መጥታ የፖስታ ድምፆቹን በፊደል ተራ እየደረደረች ነበር። ሕጉን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በእኛ ግዛት በፖስታ የመረጠ ሰው ከምርጫው ቀን በፊት ከሞተ ድምፁ አይቆጠርም።

«ስጪኝ፣ እኔ ላውጣው» አልኳት።

«ተዪው።» የአባቷን ፖስታ መዘዘችው፣ ሳትከፍተው ላዩ ላይ «ሟች» ብላ ጻፈች፣ ለብቻው አስቀመጠችው። ያኔ ነው ዓይኗን አንስታ የጠየቀችኝ። «ከተማ ወስጄው ቢሆን ኖሮስ?»

መልሱን ታውቀዋለች። እዚያ ማሽኑ ውስጥ የገባ ወረቀት የማን እንደሆነ አይለይም፤ ባለቤቱ በማግስቱ ቢሞትም ይቆጠራል።

የቀሩትን ፖስታዎች ሰብስቤ አቀበልኳት። 

ረፈድ ሲል ለስተር ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። በፖስታ መምረጥ ማጭበርበሪያ ነው የሚል ሰው ስለሆነ በየምርጫው ታዛቢ ሆኖ ይቀመጣል። ያን ቀን ግን በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ካሪን፣ ነፍሱን ይማር» አለ።

«አሜን፣ ለስተር።»

«ዛሬ ይህን መጠየቅ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሱን... አወጣሽው?»

«አውጥቼዋለሁ። ና እየው።»

መጥቶ አየ። የወዳጁን ፊርማ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «የእኛው ወገን ድምፅ ነበር፤ አንድ አይ ቀረብን» አለ። «ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።»

ካሪን እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ቡና እዚያ አለ፤ ጠጣ» አለችው።

ማታ ውጤቱ ሲወጣ የአምቡላንሱ ግብር ወደቀ። በጠባብ ልዩነት አይደለም፤ በሰፊው ነው የወደቀው። አዳራሹን ስንጠርግ ይህንኑ ነገርኳት፤ አንድ ድምፅ ምንም ባልለወጠ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ቢቆጠር ኖሮ ግን እሺ ማለቱ የሆነ ቦታ ይኖር ነበር። አሁን ከአፉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

በማግስቱ ቀበርናቸው። መሬቱ በብርዱ ገና በረዶ ሆኖ አልጠነከረም፤ ለዚያ እንኳ ደርሰናል። ከገና በፊት አምቡላንሷን ሌላ ወረዳ ገዝቶ ወሰዳት፤ ጋራዡ ውስጥ አሁን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ይከመራል። ካሪን በጥር የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገባች። ምክር ቤቱ ምትክ ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ማንም አልመጣም። በሚያዝያ ማመልከቻዋን መልሳ ወሰደች፤ ማስታወቂያውንም ራሷ አነሳችው።