ሚልካና ሰው የሚመርጠው ሳጥን

ጭሮ ውስጥ ሚልካ ጂሬኛን የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ኮምፒውተር ተበላሽቶበት የማያውቃት ግን የለም። ተወልዳ ያደገችው በደሳ ነው። አባቷ ወንጌላዊ ነበርና በየገበያው ሲሰብክ ድምፅ ማጉያው በተንጫጫ ቁጥር ሽቦውን ልጣ የምትቀጥለው እሷ ነበረች። አባቷ ይህን እንደ መንፈስ ቅዱስ ስጦታ ቆጠረው፤ እናቷ ደግሞ ባል የሚያሳጣ አመል ነው አለች። ልጅቱ ከሁለቱም ጋር ሳትከራከር ጭሮ መጥታ ቴክኒክና ሙያ ተማረች፤ ከመናኸሪያው ጀርባም ከፎቶ ኮፒ ቤት የተዳበለች ጠባብ ክፍል ተከራየች። ከገበያተኛው ጋር በኦሮምኛ፣ ከቢሮ ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከካቻቢቴዋ ጋር ደግሞ በሁለቱም ታወራለች።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ሌላ ስሪት የሆነ ማሽን ነበረው፤ እሱ ደግሞ ከሚኤሶ በጭነት መኪና ሲመጣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ውሎ ሳጥኑ ተጨፍልቋል፣ ማዘርቦርዱ ግን ደህና ነው። ሚልካ ተጠርታ ሁለቱን አይታ፣ የተጨፈለቀውን ሳጥን በመዶሻ ቀና አድርጌ እዚያው ላስነሳው ብትል የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ጀምበሩ አልሰማም አሉ።

አቶ ጀምበሩ ከቢቸና ተመድበው ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወንበሩም፣ መጥረጊያውም፣ የውሃ ጀሪካኑም ላይ በነጭ ዘይት ቀለም ቁጥር የጻፉት እሳቸው ናቸው። የተቃጠለው ኮምፒውተር ቁጥርም ሳጥኑ ጎን ላይ ነበር።

«ቁጥሩ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው» አሏት። «ሳጥኑ ከተመለሰ ማሽኑ ተመለሰ። ሆዱ ውስጥ ያለው የኔ ጉዳይ አይደለም።»

እንግዲህ ደህናውን ማዘርቦርድ ወደ ባለ ቁጥሩ ሳጥን ማዛወር ግድ ሆነ። ማዛወሩ አልነበረም የቸገራት። ማስነሻው ቁልፍና ፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሽቦዎቻቸው ተሰብስበው የሚያልቁት በአንድ ጠፍጣፋ መሰኪያ ነው፤ መሰኪያው የተሠራው ለተቃጠለው ማዘርቦርድ ነው። አዲሱ ላይ እንደ እሾህ የቆሙት መቀበያዎች አሰላለፋቸው ሌላ ነው። እንዳለ ቢሰኩት ማስነሻው መብራት ላይ፣ መብራቱ የትም ላይ ይውላል።

ሚልካ ሁለቱንም ማሽኖች ሱቋ ወስዳ መሰኪያውን በመርፌ እየፈለቀቀች ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ የትኛው የማን እንደሆነ በቴስተር ለየች። የትኞቹ ሁለት እሾሆች ማሽኑን እንደሚያስነሱ ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አድርጋ አረጋገጠች፤ ማራገቢያው ሲሽከረከር «በጄ» አለችው።

በዚህ መሐል ነው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በቀለች ሱቋ ድረስ የመጣችው። ሁለቱ አንድ መዝሙር ቡድን ውስጥ ናቸው፤ ሚልካ እትዬ ነው የምትላት። በቀለች የመጣችው ግን ለመዝሙር አልነበረም። አቶ ጀምበሩ በምሳ ሰዓት ጫታቸውን ይዘው እሷ ወንበር ላይ ይቀመጡና ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። መጫወታቸውስ ባልከፋ፤ ሲጨርሱ የንብረት ኃላፊነታቸው ትዝ ይላቸውና ያረጀ የመሰላቸውን ደብዳቤ «ቦታ አጣበበ» ብለው ያጠፋሉ። በጠፋው ደብዳቤ በቀለች ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ከመጣ ወደ ቦኬ ወረዳ ትዛወራለች፤ ልጆቿ ደግሞ ጭሮ ነው የሚማሩት።

«የይለፍ ቃል አታበጂለትም?» አለች ሚልካ።

«አበጅቼ ነበር። የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ሁሉ መለዋወጫው እኔ ዘንድ ይቀመጣል ብለው በፖስታ አሽገው ወሰዱት።» በቀለች ወንበሯን አስጠጋች። «ሚልካዬ፣ ከጠገንሽው አይቀር ለኔ ብቻ እንዲነሳ አድርጊልኝ።»

ሚልካ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም ብላ ሸኘቻት። በማግስቱ ሳጥኑን ልትገጥም ይዛ ቢሮ ሄደች። ገመድ ልትሰካ የበቀለች ጠረጴዛ ሥር ስትገባ ግንባሯ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የደወል ቁልፍ ነበር። ክፍሉ ድሮ የሥራ አስኪያጁ ስለነበር ተላላኪ የሚጠሩበት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሲቀይሩ ደወሉን ወስደው ቁልፉን ትተውታል። ሚልካ እዚያው ተንበርክካ ጥቂት አሰበች። የደወል ቁልፍና የኮምፒውተር ማስነሻ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሲጫኗቸው ሁለት ሽቦ ያገናኛሉ፣ ሲለቋቸው ይለያያሉ። ቀና ብላ በቀለችን አየቻት። በቀለችም አየቻት። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሁለቱም መሥራት አልቻሉም፤ ሳቅ።

የፊቱን ማስነሻ ቁልፍ ሽቦ ጠቅልላ በክር አሰረችና ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው። በምትኩ ከደወሉ ቁልፍ የሚመጣውን ሽቦ በሳጥኑ ጀርባ አስገብታ ከሁለቱ እሾሆች ጋር አገናኘች። መብራቶቹን እንደ ወጉ ሰካች፤ አንዷ አልበራ ስትል ገልብጣ ሰካቻትና በራች።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ጀምበሩ የርክክብ ቅጻቸውን ይዘው መጡ። በመነጽራቸው ተጠግተው ቁጥሩን አነበቡ፤ ትክክል ነው። በቀለች ወንበሯ ላይ ናት፤ እጇ ጠረጴዛው ሥር ነው። ሚልካ አባቷ በልጅነቷ የነገራትን በልቧ ትደግማለች፤ የተጠየቅሽውን አትዋሺ፣ ያልተጠየቅሽውን አታስተምሪ።

አቶ ጀምበሩ ጣታቸውን ወደ ማስነሻው ዘረጉ። በቀለች ግን ቸኮለች፤ ጣታቸው ሳይደርስ ማሽኑ ጉር አለ። አቶ ጀምበሩ ጣታቸውን አዩት። ሚልካ ሳል ያዛት።

«ፈጣን ነው» አሉና ፈረሙ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ በቀለች አጥፍታው ስትወጣ፣ ፈጣኑ ማሽን አልነሳም አለ። አቶ ጀምበሩ ተጫኑት። ሶኬቱን ነቅለው ሰኩት። ዘበኛውን ጠርተው አስጫኑት፤ የዘበኛው ጣት ጠንካራ ነው ብለው ሁለቴ አስጫኑት። ስምንት ሰዓት ላይ በቀለች መጥታ ስትቀመጥ ተነሳ። ሰኞም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት በቀለች የዘገየውን ሁሉ ጽፋ ጨረሰች፤ አንድም ደብዳቤ አልጠፋባትም። ማክሰኞ ሚልካ ተጠራች።

«ይህ ማሽን ችግሩ ምንድን ነው?» አሏት፤ ቅጹ በእጃቸው ነው።

«ችግር የለበትም፣ ጋሽ ጀምበሩ።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አይነሳም?»

«የምታስነሳው እትዬ በቀለች ናት።»

«በምን?»

«በጣቷ።»

አቶ ጀምበሩ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሳለ የሰው ጣት አሻራ የሚለይ መሣሪያ መጣ ሲባል ሰምተው ነበር። በቀለችን «እስቲ ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ የፊቱን ቁልፍ በአንድ እጇ ነካ አደረገች፤ ሌላው እጇ የት እንደነበር ማንም አልጠየቀም። ማሽኑ ጉር አለ። አቶ ጀምበሩ የጣቷን ጫፍ ተቀብለው በመነጽራቸው መረመሩት።

ብልሹ ማሽን ተረከብኩ ብለው መጻፍ አይችሉም፤ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሌላ ጻፉ። ኮምፒውተሩ ከወይዘሮ በቀለች በቀር በሌላ ሰው እጅ እንደማይነሳ በሙከራ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ንብረቱ ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ ወይዘሮዋ ከጭሮ እንዳይዛወሩ ንብረት ክፍሉ ያሳስባል። ረቂቁን እንድትተይበው የሰጡት ለበቀለች ነው። እሷም ፊቷን ሳትፈታ በሦስት ቅጂ ተየበችው፤ አንዱ ለሠራተኛ አስተዳደር ሄደ፤ «ባሉበት ይቀጥሉ» ተብሎበት ሲመለስም የቦኬ ስጋት አበቃ።

ከወር በኋላ ሚልካ አቧራ ልታራግፍ ጎራ ስትል ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። አቶ ጀምበሩ በቀለች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእጅ የተጻፈ ረጅም የስም ዝርዝር ጮክ ብለው ያነቡላታል፤ እሷ ትተይባለች። እሷ ሥራዋን ሳትጨርስ ካርታ እንደሌለ ገብቷቸዋል።

ሚልካ ሰላም ልትል አፏን ስትከፍት ዝም በይ የሚል ምልክት በእጃቸው ሰጧት። «አርባ ስም ነው የቀረን» አሉ።