ከሠላሳ በላይ ያለው ሙቀት

ካርቱም ውስጥ ሙቀት ሲጨምር ደስ ይለው የነበረ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ሁሉ «ያ ረብ» እያለ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ካፉሪ ከምሠራበት ቤት ጀርባ ባለው እርሻ መሀል ቆሜ፣ ነጩን ሳጥን ከፍቼ ቴርሞሜትሩ አርባን ማለፉን ሳይ ፈገግ እል ነበር። ዛሬ ሳስበው በሽቄ አልጠግብም። ያኔ ግን ምክንያት ነበረኝ፤ በቆሎው ቶሎ ከደረሰ እናቴን ቶሎ አያለሁ።

እርሻው የቤቱ ጌታ፣ ሁላችንም ሐጅ የምንላቸው ሽማግሌ ንብረት ነው። እኔ ቤቱን አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፤ እርሻው ላይ የሚሠሩትን ሰዎችም የማበላው እኔ ነኝ። ጀዋዜን፣ ፓስፖርቴን ማለቴ ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ካዝናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እህቴ ከወሎ ደውላ የእናታችን ዓይን እየደከመ መሆኑን፣ ደሴ ያለው ሐኪምም ሊያቆመው እንደማይችል ስትነግረኝ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። አልከለከሉኝም። ቢከለክሉኝ ይሻል ነበር፤ ቁርጤን አውቄ ሌላ መላ እፈልግ ነበር። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ትሄጃለሽ አሉኝ፤ ኢንሻአላህንም ጨመሩበት። ሠራተኞቹን ማን ያበላቸዋል ነው ነገሩ።

እህቴ እናቴን በስልክ አገናኘችኝ። «ዓይኔ ሳለ ልይሽ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

በቆሎው መቼ እንደሚደርስ የምታውቀው የሐጅ ሴት ልጅ ነበረች። ግብርና ተምራ የመጣች ስለሆነች ዶክቶራ እንላታለን። በቆሎ የሚያድገው በቀን ብዛት ሳይሆን በሙቀት ነው አለችኝ። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ትደምሪና ለሁለት ታካፍያለሽ፤ ከዚያ ላይ አሥር ትቀንሻለሽ፣ ከአሥር በታች በቆሎ አያድግምና። የቀረው ዕለቱ ለበቆሎው ያዋጣለት ሙቀት ነው። በየቀኑ እየደመርሽ ትሄጃለሽ፤ ድምሩ ዘሩ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ በቆሎውም ደረሰ ማለት ነው። አልከበደኝም። የቆላው እህል ከኛ ከደጋዎቹ ቀድሞ ሲደርስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ቴርሞሜትሩን የማንበቡን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን እነግራታለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትደምራለች።

አንድ ጁምዓ ስታሰላ ቆይታ፣ በዚህ አያያዙ ከአረፋ በፊት ይደርሳል አለችኝ። እኛ አገር አረፋ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። የትም ያለ ልጅ ለአረፋ ቤቱ ይገባል፤ ያልገባ እንደሆነ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል። ዕለቱኑ እናቴ ጋ ደውዬ ለአረፋ እመጣለሁ አልኳት። ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ሳጃና ወርጄም ለአገሬ ልጆች አወራሁ። እነሱም እንደ ልማዳችን ለየቤተሰባቸው የሚላከውን ያሸክሙኝ ጀመር፤ ቶብ የሚባለው የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ሽቶው፣ የሕፃን ጫማው አልጋዬ ሥር ሞላ። የሰው አደራ ተቀብሎ መቅረት ምን ያህል እንደሚያሳፍር እኛ ነን የምናውቀው።

ከዚያ ሙቀቱ ባሰበት። አቧራው ሰማዩን ሲሸፍን፣ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም፣ እኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ኩሽና ውስጥ ምድጃ ላይ ተጥጄ እውላለሁ። ግድ የለም፣ ይጨምር፣ እያልኩ። ታዲያ አንድ ጠዋት ዶክቶራ ፊቴን ሳታይ ስሌቱን እንዳስተካከለችው ነገረችኝ። በፊት ሳታስበው የቀረ ነገር አለ።

«ከሠላሳ በላይ ያለው አይቆጠርም» አለች። «በቆሎው አይጠቀምበትም። አርባም ቢሆን ሠላሳ ብለን ነው የምንይዘው።»

«እኔን ያቃጠለኝስ የት ገባ?» አልኳት።

ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ተክሉ ፈጥኖ እንደማያድግ፣ ዝም ብሎ እንደሚችለው አስረዳችኝ። ይኸው ነው። ለእናቴ ብዬ የወደድኩት ሙቀት ሁሉ ከላዩ ተቆርጦ ተጣለ፤ መከሩም ከአረፋ በኋላ ሆነ። በበቆሎ ተናድጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ነቅዬ ብጥለው ደስ ባለኝ። በእሷም ተናደድኩ። አንድ ነገር ረስታ ስታስታውስ እሷ የምታጣው የለም፤ ቁጥሩን አርማ ሻይዋን ትጠጣለች።

ከሳጃና አንዲት የማምናት ሴት ይዤ ሐጅ ዘንድ ገባሁ። ከእኔ የተሻለች ወጥ ሠሪ ናት፣ እሷ ታብላቸው፣ እኔን ልቀቁኝ አልኳቸው። ቤቱን አታውቀውም አሉ። ዶክቶራም አንድ እግሯን ከበሩ ውጭ አድርጋ «አቡይ፣ ትሂድ» አለቻቸው። «ያላ፣ ከመከር በኋላ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ወደ ቴሌቪዥናቸው ዞሩ። እሷም ወጣች። እንዲህ ዓይነት አዛኝ አላህ አያድርስ።

የአረፋ ዕለት የእነሱን በግ ስጠብስ ዋልኩ። እህቴ ደወለችና እናታችን ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን እንደምታይ ነገረችኝ። አትመጣም ብትባልም አልሰማ ብላለች። ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርት መክተፍ ቀጠልኩ።

በቆሎው የደረሰው ዶክቶራ አስተካክላ ባስቀመጠችው ቀን ነው። ትክክል ነበረች፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ብትሳሳት ኖሮ ቢያንስ የምወቅሰው ስሌት ይኖረኝ ነበር። ሐጅ ሰብስበው እስኪጨርሱ አብስዬ አበላሁ፣ ጀዋዜን ተቀበልኩ፣ አደራውን ተሸክሜ በመተማ በኩል ገባሁ።

እናቴ ደጅ ነበረች። ፀሐዩ ፊቴን አብርቶታል፣ እኔም ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ። «ማነው?» አለች። ስሜን ስጠራላት እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰችው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። እኔ ጠቁሬያለሁ፣ ፀጉሬ ሸብቷል። እሷ የያዘቻት ግን ከቤቷ የወጣችውን ልጃገረድ ነው።

«ምንም አልተለወጥሽም» አለችኝ።