አጋዘን የሚስተው ሰውዬ

በየኅዳሩ ቴክሳስ ውስጥ ለቀስት አደን ጎጆአችን ስንሰበሰብ አንድ ሰውዬ አብሮን ይመጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ስሙን ነግሮን ነበር፤ ማናችንም አልያዝነውም። ምግቡን ቆሞ ይበላል፣ ደጋኑን ሰው አያስነካም። የዱር አሳማ ከሆነ ጭቃ ውስጥ እየሮጠም አያመልጠውም፤ ጎጆው ውስጥ የምንበላው ቋሊማ አብዛኛው እሱ ከጣለው ነው። አጋዘን ሲሆን ግን፣ አፍንጫው ሥር ቆሞ ሣር ቢግጥም ይስተዋል።

በእኛ ጎጆ አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ ሁላችንም የምንወጣው አሮጌ ሸሚዝ ለብሰን ነው። የእሱ ግን ሁልጊዜ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ትከሻው ይሰፋዋል፤ እጅጌውን ካልጠቀለለው ጣቶቹ አይታዩም።

ዘንድሮም ሳተ። የጎጆው አለቃ ሮይስ መቀሱን ይዞ ሲነሳ፣ ሰውዬው ሳይጠራ ሄዶ ጀርባውን ሰጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ አሳማ ብቻ ምን በድሎህ ነው?» አለው ሮይስ። ሳቅን።

«ዝም ብለህ ቁረጥ። ከአምናው አጠገብ ስቀልልኝ።»

«እንዲህ ከቀጠልክማ ራቁትህን መቅረትህ ነው።»

«ሸሚዙ የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው» አለ ሰውዬው፣ ፊቱን ሳያዞር። «በሕይወት ሳለ እዚህ መምጣት የሚፈልገው እሱ ነበር።»

ሮይስ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቁራጮች አየና «ስንት ሸሚዝ ቀረህ?» አለው።

«ይሄ የመጨረሻው ነው።»

ሮይስ መቀሱን ዝቅ አደረገና የጣት ስፋት ያህል ብቻ ቆረጠ።

«ለከርሞም ይተርፋል» አለው።