ከግርጌው የተቆረጠው ጽሑፍ

ዳላስ አጠገብ ባለችው ሳክሲ ከልጄ ጋር ከምኖርበት ቤት በስተግራ ያለው ጎረቤቴ ፖርቱጋላዊ ነው። የመጣው ከዋናው ምድር ሳይሆን ውቅያኖስ መካከል ካለች ደሴት ነው። ዕድሜውን በብየዳ ሥራ ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው።

ያግባባን ጎመን ነው። በአጥሩ ሥር የተከልኩትን አይቶ እሱም የራሱን አሳየኝ፤ አንድ ዓይነት ነው። እሱ «ኮቭ» ይለዋል። ቅጠሉን ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልልና እንደ ፀጉር አቅጥኖ ከትፎ ድንች ሾርባ ውስጥ ይጨምረዋል።

«ይሄ ለበግ ነው» ይለኛል የእኔን አከታተፍ ሲያይ።

«ያንተም ለወፍ ጎጆ ነው» እለዋለሁ።

የሁለታችንም እንግሊዝኛ ለዚህ ያህል ይበቃል። ስሜን መጥራት ስላቃተው «ቪዚኛ» ይለኛል። በቋንቋቸው ጎረቤቴ ማለት ነው።

ሌላው ሥራው ሰማይ ነው። የዳላስ መብራት ከዋክብቱን ስለሚያደበዝዝበት ቴሌስኮፑን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ገጠር ይወጣል። በብርዱ ወራት የሰማዩን ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግሞ ያነሳና ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ደራርቦ አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ ቀን የጨረሰውን በአጥሩ ላይ አሳየኝ። ቀይ ደመና ነው። ጋዝና አቧራ ነው አለኝ። መካከሉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ነጠላ ተከናንባ አንገቷን የደፋች ሴት ይመስላል።

«ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትቀመጥ እንዲህ ነበረች» አለ።

«የት ጋ ነው? እኔም ልየው።»

«በዓይን አይታይም፣ ቪዚኛ። ዓይን ቶሎ ይሰለቻል። ካሜራው ነው ሳይሰለች የሚያየው።»

ከፎቶው ግርጌ በነጭ ፊደል አንድ መስመር ጽፏል። በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «ፓራ ሚኛ ሙልየር» ብሎ ይጀምራል። ለሚስቴ፣ ጨለማ ለማትፈራው፣ ማለት ነው። ከሥሩ ስሙ አለ። ዴንተን ውስጥ ፖርቱጋልኛ የሚናገሩ ሰዎች በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ከብራዚልም ከአንጎላም የመጡ አሉበት። በመጸው የባህል ዝግጅታቸው ላይ ፎቶውን ሊያሳያቸው አስቧል። «አፍ የፈታሁበትን ቋንቋ የምናገረው አሁን እዚያ ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ ፎቶውን ስልኬ ላይ ላከልኝ።

የእኛ የፅዋ ማኅበር በወር አንዴ በየቤቱ ይዞራል። ያን ጊዜ ተረኛዋ ጋርላንድ የምትኖር ሴት ነበረች። ጸሎቱ ደርሶ ምሳ ከተነሳ በኋላ አጠገቤ ለተቀመጠችው ፎቶውን አሳየኋት። ጎረቤቴ በቴሌስኮፕ ያነሳው የሰማይ ደመና ነው ብዬ በግልጽ ተናግሬአለሁ። ስልኩን ተቀበለችኝና ግንባሯን አስነካችው። ከዚያ ሳመችው።

«እመቤቴ ናት» አለች።

«ጋዝ ነው» አልኳት።

«ጋዙንስ ማን ፈጠረው፣ እማማ?»

ለቀጣይዋ አቀበለቻት። ስልኬ ክፍሉን ዞረ። ወጥ የበላ አፍ ሁሉ ሲስመው ቆይቶ ግማሹ በቅባት ግማሹ በሊፕስቲክ ተለቅልቆ ተመለሰልኝ። በናፕኪን ጠረግኩት፤ ቅባቱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሄደ እንጂ አልለቀቀም። ሥዕል መሳለም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የማን ሥዕል እንደሆነ አውቄ ነው የምሳለመው።

ከማኅበሩ ወንዶች አንዱ ሹፌር ነው። ከሥራ ውጪ ደግሞ ቪዲዮ እየቀረፀ በራሱ ገጽ ላይ ይሰብካል። ሽቶ ያበዛል።

«እማማ፣ እስቲ ይላኩልኝ» አለ።

«መላክ አላውቅም።»

«ኦኬ፣ ችግር የለም፣ እኔ ሴንድ አደርገዋለሁ» ብሎ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ለራሱ ልኮ መለሰልኝ። የስልኬ ሽፋን ለቀናት እሱን እሱን ሸተተ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ከሥራ ገብታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቀዩ ደመና ነው። ከኋላው በገና ይደረደራል፤ የሹፌሩ ድምፅ እንደሚያለቅስ ሰው ይንቀጠቀጣል። «ዛሬ ጠዋት ሮውሌት ሐይቁ ዳር ፓርክ አድርጌ ውዳሴ ማርያም ስደግም ቀና አልኩ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው፣ ወገኖቼ።» ከግርጌው የነበረው ጽሑፍ ተቆርጧል። በቦታው የእሱ ገጽ ስም በቢጫ ተጽፏል።

«ይሄ የጎረቤታችን አይደለም እንዴ?» አለች ልጄ።

«ነው።»

«ሶ ይሄ ሰውዬ ምንድነው የሚያወራው?»

ስልኩን መለስኩላት።

ቅዳሜ በሐይቁ አጠገብ ስናልፍ መኪናውን እንድታቆም ነገርኳት። ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው እሱን ያያሉ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገብታ በጠርሙስ ትቀዳለች። ከጀልባዎቹ የፈሰሰው ቤንዚን ውሃው ላይ እያብለጨለጨ ጠርሙሷ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ለሌሎቹ በየእጃቸው አፈሰሰችላቸው። ጉልበታቸውን አሹበት። አንዷ ዓይኗን ታጠበችበት። ልጄ ነርስ ናት። ወርዳ «ኢንፌክሽን ያመጣባችኋል» አለቻቸው። እምነት የላትም ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

በማግስቱ ያው ፎቶ በትልቅ ፕላስቲክ ባነር ታትሞ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቢጫው ጽሑፍም ጭምር።

ጎረቤቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአጥሩ ማዶ ቆሞ ስልኩን ዘረጋልኝ። እጁ ላይ የጎመን ቢላው ነበረ፤ ማስቀመጡን የረሳው ይመስለኛል። ዝግጅቱን የምታሰናዳው ብራዚላዊት ተማሪ ቪዲዮውን አግኝታ ልካለታለች። ይህን ፎቶ ሌላ ሰው ከእርስዎ በፊት አውጥቶታል፣ ሰዎች እየጠየቁኝ ስለሆነ ቢተዉት ይሻላል፣ ብላ ጽፋለታለች። በትህትና ነው የጻፈችው።

«ሌባ ነህ እያለችኝ ነው» አለ። «ከእንግዲህ እዚያ ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

«አትቅር። ትሄዳለህ።»

«አንቺ አታውቂያቸውም፣ ቪዚኛ። ጥቂት ነን። አንዱ የሰማውን ሁሉም ይሰማል።»

እሱን እንኳ አውቃለሁ አልኩት።

በቀጣዩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሹፌሩን ባነሩ ሥር አገኘሁት። ሰው አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሳል፤ እሱ ያስተካክላቸዋል።

«ይህ ፎቶ የጎረቤቴ ነው» አልኩት። «አውርደው። ያነሳው እሱ መሆኑንም በገጽህ ተናገር።»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ። በረከት እኮ ነው። ማን ተጎዳ?»

«እሱ ተጎድቷል። በሰዎቹ ፊት ሌባ ሆኗል።»

«ሰውዬው ኦርቶዶክስ ናቸው?»

«ካቶሊክ ነው። ደግሞ ምን አገናኘው?»

«ማለቴ፣ እኔ እሳቸውን ኦፌንድ ማድረግ አልፈልግም። ከፈለጉ ስማቸውን ታች በትንሹ ታግ አደርጋለሁ። ግን የታየችኝ ለእኔ ነው።»

«በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ታየህ?»

ፈገግ አለ። «ለሁሉም አይታይም፣ እማማ። ለዚህ ነው ተአምር የሚባለው።»

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። ተአምሯን እማማ ራሳቸው አምጥተው ራሳቸው ሊያስቀሯት ነው አለች አንዷ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ። ዓይኑን አየሁት፤ እፍረት የሚባል ነገር የለበትም። ያስጠላኝ መዋሸቱ ብቻ አይደለም። ለሟች ሚስት የተጻፈውን መስመር ቆርጦ ጥሎ በቦታው የራሱን ስም ሲለጥፍ እጁ አለመንቀጥቀጡ ነው። ያን ቀን የአዳራሹን ምግብ ሳልቀምስ ወጣሁ።

የዴንተኑ ዝግጅት ዕለት ልጄ ሁለታችንንም በመኪናዋ ወሰደችን። ጎረቤቴ ክራባት አስሮ ፎቶውን በአንሶላ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሲያዩት ሰላምታ ሰጡት፤ ግን ሰላምታው አጭር ነበር። ተማሪዋ ለሰማዩ ፎቶ ትታለት የነበረውን ቦታ በሌላ ነገር ሞልታዋለች። የመርከብ ሥዕል ሰቅላበታለች።

በሰው ፊት ቆሞ መናገር አልወድም። በማኅበራችንም ተናግሬ አላውቅም። ቢሆንም ሄጄ ተማሪዋ አጠገብ ቆምኩና በማውቃት እንግሊዝኛ ተናገርኩ። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሰው ዋሽቷል፣ ፎቶው የዚህ ሰው ነው፣ የተወሰደውም ከእኔ ስልክ ነው አልኩ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት። እሱ የላከልኝ ፎቶ ከነግርጌው ጽሑፍ እዚያ አለ፤ የተላከበት ቀን ከቪዲዮው ይቀድማል።

ልጅቷ አነበበችና ፊቷ ቀላ። ስልኩን አጠገቧ ላለው ሰጠችው። እሱም ለቀጣዩ አቀበለ። ስልኬ እንደገና በሰው እጅ ዞረ። ስልኩን የሳመ የለም። እያንዳንዱ ዓይኑን አጥብቦ የግርጌውን መስመር አነበበ። አንዲት አንጎላዊት አሮጊት ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ፓራ ሚኛ ሙልየር» ስትል ጎረቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። አሮጊቷ የስልኩን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ። መርከቡ ወረደ፤ የእሱ ፎቶ ተሰቀለ። ከዚያ ሾርባው ቀረበና ጎመኑ እንዴት መከተፍ እንዳለበት ብራዚሎቹና እሱ መከራከር ጀመሩ። ቃሉ ባይገባኝም ጎመን መሆኑን አውቄአለሁ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ተናገረ፤ ልጄ ራሷን አመማት።

የሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ገና ሳይሞላ ወንበር ስቤ ላዩ ላይ ወጣሁና ባነሩን ከግድግዳው መንቀል ጀመርኩ። አዲስ ፕላስቲክ ጎማ ጎማ ይሸታል። ሹፌሩ ሲመጣ ስልኩን ደግኖ ይቀርፀኝ ነበር።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ፕሪንት ያስደረግኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ፎቶው የሰው ነው፤ ለባለቤቱ እመልሰዋለሁ። ፕላስቲኩ ያንተ ከሆነ ጎረቤቴ ቤት መጥተህ ውሰድ። እሱንም እግረ መንገድህን ታየዋለህ።»

ስልኩን ዝቅ አላደረገም። ወንበሩን የያዘልኝም የለም። ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። የዚያን ቀን ቪዲዮ ልጄ አይታዋለች፤ ቅናት ያደረባት እናት ተብዬአለሁ። እኔ አላየሁትም።

ጎረቤቴ ባነሩን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። ቢጫውን ጽሑፍ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«የሰውዬው ስም ነው።»

«በፊደላችሁ ሲጻፍ ያምራል» አለ።

በዚያው ሳምንት ውርጭ ይመጣል ተባለ። ባነሩን ከጓሮው አምጥቶ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጎ ጎመኑ ላይ አለበሰው፤ በአጥሩ ሥር አሳልፎ የእኔንም ሸፈነልኝ። ጥግ ጥጉን በድንጋይ ያዝነው። ውርጩ ሲያልፍ ስንገልጠው ቅጠሉ ደህና ነበር። ፕላስቲኩን ብሎ የመጣ የለም።