እትዬ የሺዓለም ጃንጥላቸውን የሰጡበት ቀን

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጥግ ተቀምጬ ጃንጥላ ስጠግን ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ። ዓመት ሙሉ የተሰበረ ጃንጥላ ቤቱ አስቀምጦ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታው እኔ ላይ የሚጮህ አለ። አስጠግኖ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሳይወስደው የሚቀር አለ። በበጋ ግን ጃንጥላ ሠሪን ዞሮ የሚያየው የለም። ከአንድ ሰው በስተቀር፤ እሳቸውም እትዬ የሺዓለም ናቸው።

እትዬ የሺዓለም ቤታቸው አፍንጮ በር፣ ውሏቸው ጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ነበር፤ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ምላሳቸው የሚቆርጥ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ እሳቸው ፊት ሲደርስ ኮፍያውን ያስተካክላል። እኚህ ሴት ታዲያ ጥር ይሁን ሐምሌ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ ከደጅ አይወጡም። ተቀምጠው ሲሸጡም ጃንጥላው ከራሳቸው በላይ እንደተዘረጋ ይውላል። የአራዳ ልጅ መቼስ ማንንም አይምርም፤ «ባለ ድንኳኗ» ብሎ ስም አወጣላቸው። አንዱ ዱርዬ «እትዬ፣ የዛሬው ሰርግ የማነው?» ቢላቸው «የእናትህ» ብለውት ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

አንድ የበጋ ቀን እሳቸው ከሸራዬ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጃንጥላቸው እጄ ላይ ተበታትኖ ሳለ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እትዬ የሺዓለም ከጠረጴዛዬ ሥር ገቡ። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ወጡና ነጠላቸውን እያራገፉ፣ «ሸምሱ፣ ብትስቅ ዓይንህን ነው የማጠፋው» አሉኝ። አልሳቅሁም። ያን ጊዜ ነው ነገሩን የነገሩኝ።

በጣሊያን ጊዜ ልጅ ሆነው ቡልጋ ነበሩ። የአክስታቸው ሰርግ ነው፤ ዳስ ተጥሎ ሰው ይጨፍራል። አውሮፕላን መጣ። ታላቅ ወንድማቸው አጥናፉ አውሮፕላን በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበርና ከዳሱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ እየሳቀ፣ «የሺዬ፣ ውጪ! ነይና እዪ!» ብሎ ጠራቸው። ሊወጡ ሲሉ እናታቸው በቀሚሳቸው ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷቸው። ቦምቡ ሜዳው ላይ ወደቀ። ከዳሱ ቅጠል ሥር የነበረ ሰው ተረፈ፤ ሜዳው ላይ የነበረ አልተረፈም።

«ከዚያ ወዲህ ሰማይ እንዲያየኝ አልፈልግም» አሉኝ። «ያ አውሮፕላን የተነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነው ይላሉ። በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም። በንግሥ ቀን እንኳ ልደታ ማርያምን ቤቴ ሆኜ ነው የምስማት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳቸውን ጃንጥላ ከሌላው አስቀድሜ እሠራለሁ፤ ሌላው ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

እንግዲህ የአላህን ሥራ እዩ። እኚህ ሴት የወለዷት አንዲት ልጅ፣ ሰርክአዲስ፣ ጦር ሠራዊት ገብታ አየር ወለድ ሆነች። ከአውሮፕላን ላይ በጃንጥላ የምትዘል ወታደር! እናትየው ወሬውን የሰሙ ዕለት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ «እኔ ከሰማይ ስደበቅ ልጄ ከሰማይ ልትወድቅ!» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ስለ ዝላይ ስታነሳ ይቆጣሉ፤ ስትዘል ሊያዩ ቀርቶ ሲወራም አይሰሙም።

ደርግ ስድስት ሰባት ዓመት ከገዛ በኋላ ነው፤ መጋቢት ሃያ ስምንት ለድል በዓል በአሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ትርዒት ይደረጋል ተባለ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሰርክአዲስ የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች። እናቷ እኔ ዘንድ ተቀምጠው ጃንጥላቸውን አዲስ ጨርቅ እያለበስኩላቸው ነበር።

«እማዬ፣ ልደታ ላይ እዘላለሁ» አለች፣ ሳትቀመጥ።

«ዝለያ። መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እንድታዪኝ እፈልጋለሁ።»

«ቀበሌው ሰውን ሁሉ ሊነዳ አይደል? እመጣለሁ።»

«ከጃንጥላ ሥር ሆነሽ አይደለም። ቀና ብለሽ እንድታዪኝ ነው። የጓደኞቼ እናቶች ይመጣሉ፤ ከታች እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔ በዘለልኩ ቁጥር ወደ ታች አያለሁ፤ የኔ የምለው ሰው የለም። ከዚህ በዓል በኋላ አሠልጣኝ አድርገው መድበውኛል፤ ሰው ፊት የምዘለው ይህ የመጨረሻዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማዬ።»

ልጅቱ ጉንጫቸውን ስማ ሄደች። እሳቸው የኔን እጅ እያዩ ቆዩና፣ «ጨርቁን አጥብቀህ ስፋው» አሉኝ።

በበዓሉ ዕለት ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሰልፍ ወጣን። መፈክሩ ከፊት፣ ሊቀመንበሩ ከጎን፣ እኛ ከኋላ። እትዬ የሺዓለም ነጭ ለብሰው፣ አዲስ የለበሰውን ጃንጥላ ዘርግተው ከአጠገቤ ይሄዳሉ። ተክለ ሃይማኖትን አልፈን ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዙ።

«ሸምሱ፣ ስለት አለብኝ። ከሰልፉ እንውጣ።»

«ሊቀመንበሩ ያየናል፣ እትዬ።»

«ይየና! ማርያምን ይጠይቃት።»

እኔ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆምኩ። እሳቸው በሩ ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ጃንጥላውን አጥፈው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። ለማርያም የሚሰጠውን ጃንጥላ አዲስ ጨርቅ ያለበሰው ሙስሊሙ ሸምሰዲን ይሁን ሌላ፣ ማንም አልጠየቀም።

«ስለትሽ ደረሰልሽ፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«አልደረሰም፣ አባቴ። ልጄ ዛሬ ከሰማይ ትወርዳለች። በሰላም ካረፈች ብዬ ነው የተሳልኩት።»

ቄሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እንዲያማ ከሆነ ሲደርስልሽ ነው የምታስገቢው። ስለት እኮ በቅድሚያ አይገባም።»

«አውቃለሁ። ግን ይህን ይዤ ሜዳው ከገባሁ እዘረጋዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ማርያም ቃሏን እንደማታጥፍ አምኜ ሰጥቻለሁ፤ ይቀበሉኝ።»

ቄሱ ለአፍታ አዩአቸውና ተቀበሉ። በመስቀላቸውም የእትዬን ግንባር ዳሰሱ። እትዬ የሺዓለም ባዶ እጃቸውን ወደ እኔ መጡ። ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ለካ በዓይናቸው ዙሪያ ብዙ የሳቅ መስመር ነበራቸው። እጃቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ይስባል። ይቅርብዎ ልበላቸው ብዬ ነበር፤ ደግሞ ብላቸው የሚሰሙኝ ይመስል!

ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። በሩ አጠገብ ከጦርነቱ ጊዜ የቀረ የጣሊያን አውሮፕላን ለሰው እይታ ቆሟል፤ ዝጎ፣ አንድ ክንፉ ተገንጥሎ። አንዲት ሴት ተደግፋው ቆሎ ትቆረጥማለች። እትዬ የሺዓለም ከሩቅ ቆመው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ቀረቡና በጣታቸው መቱት። ቂው አለ።

«ቆርቆሮ ነው እንዴ!» አሉ፣ እንደተታለለ ሰው ተቆጥተው። «ሸምሱ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው!»

«ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ።»

ሌላ ነገር ሳይናገሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሰዉ መሀል ገቡ። እኔም አበቃ፣ ፍርሃቱ ለቀቃቸው ብዬ ተደሰትኩ። ቸኩዬ ነበር። ጄቶቹ ዝቅ ብለው ሲያልፉ መሬቱ ተናወጠ፤ እትዬ የሺዓለም እግሬ ሥር ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጣሉት። ሱሪዬን ጨምድደው ይዘዋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሳቸው የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ። ሰማዩን ሳይሆን የእሳቸውን ጀርባ እያየሁ ልቤ ተሰበረ፤ ልጅቱ ዛሬም ወደ ታች አይታ የኔ የምትለው ሰው ልታጣ ነው።

በድምፅ ማጉያው «አሁን ጀግኖች አየር ወለዶቻችን!» ተባለ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ዞረ።

«ዘለሉ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አንተ እይልኝ» አሉ ከነጠላው ሥር። «እይልኝና ንገረኝ።»

«አንዱ ተዘረጋ። ሁለተኛውም ተዘረጋ። ያውና ሌላ... ሁሉም እየተዘረጉ ነው።»

ሁሉም አልነበሩም። አንድ ጥቁር ነጥብ ከሌሎቹ መሀል አልፎ ቁልቁል ይመጣል። ጃንጥላ የለውም። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ውይ!» አለና ዝም አለ። ያ ሁሉ ሰው ዝም ሲል ከጄቱ ጩኸት ይብሳል።

«ምንድነው? ሸምሱ፣ ምን ሆነ?»

ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ሳቡኝ፤ አልመለስኩም። ያን ጊዜ ነጠላው ተወርውሮ መሬት ላይ ወደቀ፤ እትዬ የሺዓለም ተነሥተው ቆሙ። ቀና አሉ። ከነሙሉ ቁመታቸው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ያን የሚወርድ ነጥብ አዩት። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ሊቀበሉ እንደሆነ ሁሉ።

ጃንጥላው ተዘረጋ። ቀይ ነበር። ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉም ሰፍቶ፣ ሰማዩ ላይ ቆመ።

«ወጣሁ!» ብለው ጮኹ እትዬ የሺዓለም። «አጥናፉ፣ ወጣሁ! ወጥቼ አየሁ! የኛ ናት፣ ወንድሜ፣ የኛዋ ናት!»

እልልታቸውን አቀለጡት። እንዲህ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፣ ከነሱ ኋላ ያሉት ተቀበሏቸው፤ አጥናፉ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሳይኖር ሜዳው ሙሉ እልል አለ። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው መፈክር ሊያሰማ ሞክሮ የሚሰማው አጣና ተወው። እኔ አለቅስ ነበር። የፀሐዩ ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ሰርክአዲስ ስታርፍ እናቷ ሰዉን ከሜዳው በከለለው ገመድ ሥር ሾልከው ሮጡ። አንድ ጠባቂ ወታደር «እናቴ፣ ክልክል ነው!» ቢላቸው «እናቷ ነኝ!» ብለውት አለፉ። ልጅቱ የራስ ቁሯን አወለቀች።

«እማዬ፣ አየሁሽ! ነጭ ለብሰሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ! ከላይ ሆኜ አየሁሽ!»

«ያቺ እስከ መጨረሻው ሳትዘረጋ የቆየችው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ። ፕሮግራሙ ነው፤ ለተመልካች እንዲያምር ሆን ተብሎ ነው።»

«እንዲያምር!» ብለው ትከሻዋን በጥፊ አሏት። ከዚያ አቅፈው፣ አገላብጠው፣ ግንባሯን ጉንጯን ዓይኗን ሳሟት። ጠባቂው ወታደርም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከጄቶቹ አንዱ ተመልሶ በላያችን አለፈ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ቀና ብለው እስኪርቅ ተከተሉትና፣ «ይሄኛው የልጄን ያህል አያምርም» አሉ።

ድልድዩ ጋ ያ የድሮው ዱርዬ ቆሞ ነበር። ባዶ እጃቸውን ሲያያቸው ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እትዬ፣ ድንኳኑስ?»

እትዬ የሺዓለም ቆሙ። የሚሳደቡ መስሎኝ ነበር።

«ተነቀለ፣ ልጄ» አሉት። «ሰርጉ አምሮ አለቀ።»

በማግሥቱ ጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ጧፋቸውን ዘርግተው ባዶ ራሳቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሐምሌ እስኪገባ ድረስ ጃንጥላ አልገዙም፤ እኔም የበጋ ደንበኛዬን አጣሁ።